የተቆረጠ አንጀት መልሶ ይበቅላል?

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ከአሥረኛ ክፍል በመጣ ጥያቄ ይጀምራል። ስለ ምግብ መፈጨት ስንማር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ ታናሽ ወንድሜ ታይፎይድ ታሞ አንጀቱ ተበሳና ብዙው ተቆርጦ ወጣ። ውጭ አገር አዲስ አንጀት ያበቅላሉ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የዚያን ቀን በቂ መልስ አልነበረኝም። አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ።

ለምን በራሱ አይበቅልም?

የአዋቂ ሰው ትንሹ አንጀት 6 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የውስጠኛው ሽፋን ሴሎች በየ3 እስከ 5 ቀኑ ይታደሳሉ። ታዲያ እንዲህ የሚታደስ ከሆነ የተቆረጠው ለምን አይተካም?

አንጀት ሽፋን ብቻ ስላልሆነ ነው። ከሽፋኑ ሥር የደም ሥሮች ያሉበት ጠንካራ ንብርብር፣ ምግቡን የሚገፋ ጡንቻና ጡንቻውን የሚያዝ ነርቭ አለ። በየቀኑ የሚታደሰው የውስጡ ሽፋን ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ትልቅ ጉዳት ሲደርስ ሰውነት ቦታውን በጠባሳ ይሞላዋል። ጠባሳ ደግሞ ምግብ አይመጥም፣ አይገፋም፤ ሲኮማተርም መተላለፊያውን ያጠብበዋል።

የቀረው አንጀት በጊዜ ብዛት በመጠኑ ይለማመዳል። ነገር ግን በአዋቂ ሰው ከ2 ሜትር በታች ከቀረ፣ ሰውየው እየበላም ሊጎዳ ይችላል። ያኔ ምግብ በደም ሥር መስጠት፣ አንዳንዴም የሌላ ሰው አንጀት መተካት ያስፈልጋል። ሁለቱም ከባድና ውድ ናቸው።

ለሴሎች መቆሚያ መሥራት

ፎቅ ሲሠራ ዙሪያውን የሚቆመውን የባሕር ዛፍ እንጨት አስቡ። ግንበኛ የሚቆምበት ከሌለው ከፍ ያለ ግድግዳ መሥራት አይችልም። ሴልም እንደዚሁ ነው፤ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት መቆሚያ ይሠራሉ። ስካፎልድ ይባላል። ሴሎች በላዩ ይሰፍራሉ፣ የደም ሥሮች በቀዳዳው ይገባሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ግንበኛው ሲጨርስ እንጨቱን ያወርዳል፤ ይሄኛው ግን ቀስ በቀስ ራሱ ይሟሟል። ቶሎ ከሟሟ ሥራው ይፈርሳል፤ ከዘገየም እንቅፋት ይሆናል።

ከምን ይሠራል?

አንዱ መንገድ ከእንስሳ ነው። የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተጠምዝዞ ይደርቃል። ጥንካሬው የሚመጣው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ባዲላክና ባልደረቦቹ ከአሳማ ትንሹ አንጀት ይህንኑ ጠንካራ ንብርብር ለይተው በውሻ ላይ የደም ሥር ምትክ አድርገው ሞከሩት። ሴሎቹ ተወግደው የሚዘጋጀው ይህ ንብርብር ከዚያ ወዲህ ለሰው የቁስልና የቡአ ሕክምና ውሏል።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ነው። ከስፌት በኋላ ሳይወጣ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ የሐኪም ክር አለ። እሱ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ሲሆን፣ ለስካፎልድም ያገለግላል።

ሥራው የት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. በ1993 መሐንዲሱ ሮበርት ላንገርና የሕፃናት ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ቫካንቲ ሴልንና ስካፎልድን አጣምሮ የሰውነት ክፍል ስለ መሥራት የጻፉት ጽሑፍ መስኩን በሰፊው አስተዋወቀ። ከዚያም ተመራማሪዎች የአይጥ አንጀት ሴሎችን በስካፎልድ ላይ አስፍረው፣ ደም እንዲያገኝ በሆድ ዕቃ ሞራ ጠቅልለው አሳደጉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ አብዛኛው ትንሹ አንጀታቸው ከተቆረጠ አይጦች መካከል እንዲህ ያደገው የተቀጠለላቸው ክብደታቸውን ቶሎ መለሱ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የለንደን ተመራማሪዎች አንጀታቸው መሥራት ካቃታቸው ሕፃናት ሴል ወስደው፣ የራሱ ሴሎች በታጠቡለት የሰው አንጀት ላይ አሳደጉት። በአይጥ ላይ ተከሉትና ደም ደረሰው። ሴሉ የታማሚው የራሱ ስለሆነ፣ ወደፊት ሰውነት እንደ ባዕድ እንዳይዋጋው ተስፋ ይሰጣል።

የቀረው ግን ብዙ ነው። ያደገው በዋናነት የውስጡ ሽፋን ነው። ምግብ የሚገፋ ጡንቻና ነርቭ አሟልቶ፣ በሰው ልክ ረዝሞ የሚሠራ አንጀት ገና መደበኛ ሕክምና አልሆነም።

ለተማሪዬ የምመልሰው

በአይጥ አዎ፣ በሰው ገና። ስለዚህ «ገንዘብ አምጡና አንጀት እናበቅላለን» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት። ወንድምህ ዛሬ የሚያስፈልገው የሐኪም ክትትል፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ ምግብና ክብደቱን መመዘን ነው።

ለሌሎቻችን ደግሞ ትልቁ ትምህርት እንዳይቆረጥ መከላከል ነው። ታይፎይድ በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋል፤ ካልታከመ አንጀትን የሚበሳው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ትኩሳት ከቀናት በላይ ከቆየ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ድንገት ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከመጣና ሆድ ከደረቀ ለነገ አትበሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

ለክፍል ውይይት፦

1. ስካፎልድ ፈጽሞ የማይሟሟ ቢሆን ምን ችግር ይመጣል?
2. የታማሚውን የራሱን ሴል መጠቀም ለምን ይመረጣል?