ሰባተኛዋ ክርና አንቺ ሆዬ

«ጋሼ፣ ድሮፕ ኤ ያድርጉልኝ።» ባለ 7 ክር ኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው ወሎ ሰፈር ወደሚሠሩት የጊታር ባለሙያ የሚመጡ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዝዙት ይህንኑ ነው። እሳቸውም ጊታሩን ከመንካታቸው በፊት «በየትኛው ቅኝት ልትጫወትበት ነው?» ይላሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በተለመደው አቃኛኘት የጊታሩ ወፍራም ክር ቢ ናት፤ በሰከንድ 62 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። ድሮፕ ኤ ማለት እሷን ወደ 55 ማውረድ ነው። ያኔ ሦስቱ ወፍራም ክሮች ኤ፣ ኢ፣ ኤ ይሆናሉ፤ አንድ ጣት አጋድሞ የከባድ ሮክን ጉልበት ማውጣት ይቻላል። አሠራሩ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የጃዝ ጊታሪስት ጆርጅ ቫን ኤፕስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ባሠራው ባለ 7 ክር ጊታር ዝቅተኛዋን ክር በኤ ቃኝቷል። የጊታር አምራቹ አይባኔዝ ከጊታሪስቱ ስቲቭ ቫይ ጋር ዩኒቨርስ የተባለውን ባለ 7 ክር ጊታር ለገበያ ያቀረበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

ሮክ ከእኛ ቅኝቶች ጋር እንደሚዋሃድ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» በተባለው አልበሙ አሳይቷል። ነገር ግን ቅኝቶቹ ሁሉ ድሮፕ ኤን እኩል አይቀበሉም።

ከኤ ሲነሱ ሜጀር ትዝታ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ነው። ሜጀር ባቲ ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ ነው። አምባሰል ደግሞ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ። በሦስቱም ውስጥ ኢ ስላለች ክፍቱ የኢ ክር ያለ ስጋት ይመታል። አንቺ ሆዬ ግን ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ ነው፤ ኢ የለችበትም። በክፍቱ ኢ የሚመታ ጊታሪስት ከዘፋኙ ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል፤ ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ደግሞ ግጭቱ ይብሳል።

ክራር ደርዳሪ ቅኝት ሲለውጥ አውታሮቹን እንደገና ይቃኛል። ጊታሪስትም ኢን ወደ ኢ ፍላት ማውረድ ይችላል። መድረክ ላይ ጊዜ ካጣ ግን ኢን በጣቱ አፍኖ ሁለቱን ኤዎች ብቻ ይምታ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ሌላው ጉዳይ ውጥረት ነው። ከቢ ወደ ኤ የወረደች ክር ከውጥረቷ 21 በመቶ ያህሉን ታጣለች። ስለላላች ጠንከር ተብላ ስትመታ ድምፁ ከፍ ይልና ከቅኝት ይወጣል። ስለዚህ ውፍረቷ 56 ቁጥር የሆነው ክር ወጥታ ባለ 62 ቁጥሯ ትገባለች።

የባስ ጊታርም ክፍት ኤ ክር በሰከንድ 55 ጊዜ ትርገበገባለች። ሁለቱ አብረው ሲመቱ ድምፁ ይደፈርሳል። ባለሙያው ወጣቱን ሲሸኙት ከባሲስቱ ጋር ተቀምጦ በየዘፈኑ ማን መቼ ወደ ታች እንደሚወርድ እንዲነጋገር ይመክሩታል።