ለልጅ የተሰጠውን መክሊት ስለ ማወቅ

ወላጆች ለልጃቸው ከፍ ያለ ማዕርግ ቢመኙ የፍቅር ነገር ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን የልጁን ተሰጥዎ ሳያውቁ መመኘት በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ማልበስ ነው።

የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። የታሰበላቸው ትምህርት አገርን የሚጠቅም፣ ሰውንም የሚያስከብር ነበር። እርሳቸው ግን ጸጋቸው ሥዕል መሆኑን ተረድተው ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ይህን ካወቁ በኋላም አልቦዘኑም፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን አብያተ መጻሕፍት የሚገኙትን ባለ ሥዕል የብራና መጻሕፍቶቻችንን መረመሩ። በ2012 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም የድካማቸው ፍሬ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና በአፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥዕል ይታያል።

እንግዲህ ራሱን ያወቀ ሰው ድካም አይቀርለትም፤ የሚደክምበትን ስፍራ ግን ያውቃል። በወንጌል እንደምናነበው ጌታው መክሊቱን ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ሰጠ፤ የወቀሰውም የቀበረውን እንጂ ሁለት የተቀበለውን አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን «ምን ልትሆን ትሻለህ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ማንም ሳያዝዘው በምን ሥራ ደስ ብሎት እንደሚደክም በትዕግሥት ተመልከቱ። እኛ መምህራንም ከዚሁ እንጀምር።