አያትዎ ሲያንጎራጉሩ ጆሮ ይስጡ

በቤትዎ እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ዜማ የሚይዝ አያት አሉ? ቡና ሲቆሉ፣ ጥጥ ሲፈትሉ፣ የልጅ ልጃቸውን እሹሩሩ ሲሉ በለሆሳስ የሚያንጎራጉሩ? «የድሮ ሰው ነገር» ብለው አልፈውት ይሆናል። ቤተሰብዎ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ፣ ከትግራይ ወይም ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሰፈረ ከሆነ ግን ያ እንጉርጉሮ በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ የማያገኙትን ታሪክ ይዞ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ያኔ የደርግ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰዎችን በሌላ አካባቢ ለማስፈር አቅዶ ነበር። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ባይፈጸምም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በአውሮፕላን፣ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተወሰደ። ወድዶ የሄደ ነበር፤ ተገድዶ የተጫነም ነበር። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ ተለያይቷል። ደገኛው ገበሬ ቆላ ሲወርድ ወባ ተቀበለው፤ ገንዲ የሚባለው በሽታም ከብት ማርባቱን አከበደበት። በፓዊ መንደሮቹ የተጠሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ነበር።

የመንግሥት ሪፖርት ስንት ሰው እንደሰፈረና ስንት ሄክታር እንደታረሰ ይነግርዎታል። መንገድ ላይ የቀረው ልጅ ማን ይባል እንደነበር፣ የመጀመሪያው ክረምት እንዴት እንዳለፈ፣ የትኛው ወንዝ እንደናፈቀ ግን አይነግርዎትም። ይህን የሚይዘው ሙሾው፣ የደቦው ዘፈንና የሰርጉ ጭፈራ ነው።

ግጥም ይህን ሁሉ መሸከም የቻለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ስንኝ በአንድ ቤት ሲመታ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰውም በቀላሉ ይይዘዋል። አንዱ ሲያወጣ ሌላው ስለሚቀበል የአንድ ሰው ሐዘን የመንደሩ ሁሉ ይሆናል። በግልጽ ቢናገሩት የሚያስጠይቅ ብሶትም በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ ያልፋል።

ይህን ቀድመው የተረዱ ምሁራን አሉ። ፈቃደ አዘዘ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች በዚያ ረሃብ ዘመን የገጠሟቸውን ቃል ግጥሞች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1998 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በግጥሞቹ ውስጥ ፈጣሪን የሚማጸን አለ፤ የሚሞግትም አለ። አንትሮፖሎጂስቱ አሉላ ፓንክረስትም ወደ ወለጋ ቄጦ የሄዱ ሰፋሪዎችን ሕይወት ከመንደርተኛው ዐይን አይተው እ.ኤ.አ. በ1992 መጽሐፍ አውጥተዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ዘፈን የዘፋኙን ወገን ብቻ ይናገራል። ሰፋሪው «አዲስ አገር» የሚለው ምድር ለሌላው የአያት ቅድመ አያቱ መሬት ነው። መተከል ውስጥ ጉሙዞች መሬቱን እያፈራረቁ ያርሱ ነበር፤ ጦም ያደረው ማሳ እያረፈ እንጂ ባለቤት አጥቶ አልነበረም። ሰፈራው ሲመጣ ብዙዎቹ ከይዞታቸው ተገፍተዋል። ስለዚህ ታሪኩ ሙሉ የሚሆነው የሰፋሪው እንጉርጉሮና የነባሩ ዜማ ጎን ለጎን ሲደመጡ ነው። ጎረቤትዎ ከነባሩ ሕዝብ ከሆኑ የእሳቸውንም እናት ዜማ ይጠይቁ።

ታዲያ ከየት ይጀምራሉ? ስልክዎ በቂ ነው። አስቀድመው ያስፈቅዱ። «እስቲ ይዝፈኑልኝ» ብለው ፊት ለፊት አያስጨንቋቸው፤ ሥራቸውን እየሠሩ ሳለ አጠገባቸው ይቀመጡና ጨዋታ ያንሡ። ዜማው ሲመጣ አያቋርጡ። ሲያበቁ ብቻ «ይህን ከማን ሰሙት? የት ሳሉ? የተጠራው ሰው ማነው?» ብለው ይጠይቁ። ቃሉን ሲጽፉ እንዳሉት ይጻፉት፤ የወሎውን አነጋገር ወደ አዲስ አበባ አማርኛ አያቃኑት። የቦታና የሰው ስም ሲነሣ ለብቻው ይያዙ። ዕንባ ከመጣ መቅጃውን ያጥፉ፤ ሌላ ቀን አለ። ቅጂውን ደግሞ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አይተዉት፤ ለእኅት ለወንድምዎ ያካፍሉ።

ሌላ ቀን አለ ስንል ግን ብዙ ቀን አለ ማለታችን አይደለም። በ1977 ዓ.ም. የ25 ዓመት ወጣት የነበሩ ሰው ዛሬ ከ65 ዓመት አልፈዋል። ልጆችዎ አንድ ቀን «እኛ ከየት መጣን?» ብለው ይጠይቁዎታል። ያን ጊዜ የአያታቸውን ድምፅ ቢያሰሟቸው ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጥባቸዋል። በሚቀጥለው እሑድ ቡናው ሲቆላ ስልክዎን ከጎንዎ ያኑሩ።