ስልሳ ሺህ ሰው በሰዓት

የአዲስ አበባው ሃያ ሁለት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቁጥር ነው። ነባሮቹ እንደሚሉት 22 ቁጥር አንበሳ አውቶቡስ እዚህ ደርሶ ይዞር ነበርና ቦታው «ሃያ ሁለት ማዞሪያ» ተባለ። አውቶቡሱ ሄዶ ቁጥሩ ቀረ፤ አሁንማ «ማዞሪያ» የምትለዋን ጨምሮ የሚጠራው ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው። ያ ቁጥር ግን ጨዋ ቁጥር ነበር። 22 የሚል ታፔላ ያየ ሰው የት እንደሚያደርሰው ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ቃል የገባለት ነገር የለም።

ከአሥር ዓመት በፊት ሌላ ቁጥር መጣብን። መንገዱ ተቆፍሮ፣ አቧራው ማኪያቶ ላይ ሲያርፍ በነበረባቸው ዓመታት ስለ ቀላል ባቡሩ በተነሣ ቁጥር የማትቀር አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ ባቡሩ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 15,000፣ በአራቱም አቅጣጫ 60,000 ሰው ያጓጉዛል። ጋዜጣው ጻፋት፣ ካፌ የተቀመጠው ሰው ደገማት። እኔም ከክፍለ ሀገር ለመጣ ዘመዴ፣ ሐዲዱን ራሴ የዘረጋሁት ይመስል፣ በኩራት ነግሬዋለሁ።

ከቃሊቲ የሚነሣው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከአያት ተነሥቶ በእኛ ሰፈር አልፎ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ደግሞ ጥቅምት 29 ተከተለ። ለሃያ ሁለት ሁለት ፌርማታ ደረሰው። መጀመሪያ ሰሞን ሥራ ሳይኖረው ለሽርሽር የሚሳፈር ሰው ብዙ ነበር፤ ያ ደስታ የውሸት አልነበረም። ቁጥሯ ናት የማታስተኛኝ።

ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው። አንዱ ባቡር ጢም ብሎ ሲሞላ ወደ 300 ሰው ይይዛል። በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 15,000 ሰው ለማሳለፍ እንግዲህ በሰዓት 50 ባቡር ማለፍ አለበት፤ በየ72 ሰከንዱ አንድ። ሃያ ሁለት ፌርማታ ላይ ፀሐይ ሲያቃጥለው የቆመ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ገና ነው ግን። ከአያት ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ በየፌርማታው መቆሙን ጨምረን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ከዳር እስከ ዳር 50 ደቂቃ ይወስድበታል። በየ72 ሰከንዱ አንድ እንዲያልፍ ከተፈለገ በዚያ 50 ደቂቃ ውስጥ መስመሩ ላይ 42 ያህል ባቡር መኖር አለበት። ይህ ለአንዱ መስመር፣ ለአንዱ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከተማዋ የገዛችው በጠቅላላው 41 ባቡር ነው፤ ለሁለቱም መስመር፣ ለመልሱም፣ ለጥገና ለሚቆመውም ጭምር።

ሌላም ጉድ አለ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው መንገድ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ሁለቱም 15,000 ሰው ያሳልፉ ከተባለ በዚያ ሐዲድ ላይ በሰዓት 100 ባቡር ሊያልፍ ነው፤ በየ36 ሰከንዱ አንድ። በመካከሉ ባለው ለገሐር ፌርማታ ላይ አንዲት እናት ልጇንና ዘንቢሏን ይዛ እስክትወርድ የሚቀጥለው ባቡር ከኋላ መጥቶ ቆሟል ማለት ነው። ሁለት ባቡር አቀጣጥሎ መንዳት ይቻላል የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ 41ዱ ግን አቀጣጠሏቸው ነጣጠሏቸው ያው 41 ናቸው።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም ነበር። የባቡሩ ብዛትም፣ አንዱ የሚይዘው ሰውም፣ የመስመሩ ርዝመትም በዚያው ዜና ውስጥ ተጽፎ ነበር። ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም ይሆናል። እንዲህ ያለ ሐዲድ፣ ባቡሩ እንደ ልብ ቢኖር፣ ሊደርስበት የሚችል ጣሪያ አለው፤ መሐንዲሱ ያንን «አቅም» ብሎ ይጽፋል። በእኛ ቋንቋ ግን አቅም ጣሪያ አይደለም፣ ዛሬ በእጅ ያለ ጉልበት ነው። «አቅም የለኝም» ያሉ ሽማግሌ ስለ ነገ ዕቅዳቸው አይደለም የሚናገሩት፤ ደረጃውን መውጣት አቅቷቸዋል። «አቅም አለው» የተባለውን ባቡር ሕዝቡ በዚህኛው ጆሮው ሰማው። ጋዜጠኛውም ሳይጠረጥር «የማጓጓዝ አቅም አለው» የሚለውን ወደ «ያጓጉዛል» ቀየረው። ቁጥሩ እዚያው ቆሞ ግሡ ተለወጠ። የቴክኖሎጂ ዜና ሲነበብ ዓይን ወደ ቁጥሩ ይሮጣል፤ ብዙውን ጊዜ ጉዱ ያለው ከቁጥሩ ጎን ባለችው ቃል ነው።

የዓባይን ግድብ እንውሰድ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለው ቁጥር ሰፈሩን አዳረሰው፤ ይህም እውነተኛ ቁጥር ነው፣ የተተከሉት ተርባይኖች ጉልበት ነው። በዓመት ይመነጫል የተባለው ደግሞ ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ይህን ለዓመቱ 8,760 ሰዓታት ብታካፍሉት በአማካይ ወደ 1,800 ሜጋ ዋት ይመጣል፤ ከሲሶ ትንሽ ከፍ ያለ። ነውር የለበትም። ወንዝ ክረምትና በጋ አለው፣ የትኛውም የውኃ ኃይል ማመንጫ ከዓመት እስከ ዓመት በሙሉ ጉልበቱ አይሠራም። ነውሩ ያለው 5,150ን ቀንና ሌሊት አባዝቶ ለጎረቤት አገር ሁሉ መብራት የሚሸጠው የካፌ ሒሳብ ላይ ነው።

ስለ እኛ የሚጽፈው የውጭው ሚዲያም ከዚህ አይሻልም። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ማንበብ የማይችሉ ልጆች ላሉባቸው ሁለት ቦታዎች፣ ወንጪና ወለንጪቲ፣ በካርቶን የታሸጉ ታብሌቶች አደለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በአሜሪካ ለጉባኤ ተሰብሳቢዎች ታሪኩን ተረኩ፦ ልጆቹ በአራት ደቂቃ ማብሪያውን አገኙ፣ በአምስት ወር አንድሮይድን «ሀክ» አደረጉ። ዓለም ተገረመ። የኢትዮጵያ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ሀከር ሆኑ የሚል ርዕስ ከአገር አገር ዞረ።

ቃሉን ፈታ አድርገን እንየው። ታብሌቱ ላይ ካሜራው እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር፣ የፊት ገጹም እንዳይቀየር ተቆልፎ ነበር፤ ልጆቹ ሁለቱንም አልፈው ሄዱ። ጎበዞች ናቸው። የእናቱን ስልክ የነጠቀ የሃያ ሁለት ሕፃንም ይህንን ያደርጋል፣ ሀከር ያለው ግን የለም። «ያለ ማንም እርዳታ» የተባለውም እንዲሁ ነው። የፀሐይ ኃይል መሙያውን እንዲይዙ የሠለጠኑ አዋቂዎች ነበሩ፤ የታብሌቱን ማኅደረ ትውስታ ሊቀይር በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰውም ነበር። ዋናው ጥያቄ፣ ልጆቹ ማንበብ ቻሉ ወይ የሚለው፣ ረጅምና ቀስ የሚል ጥናት የሚጠይቅ ነበርና ርዕስ አልሆነም። ወንጪ የምትባል መንደር ውስጥ ያሉ ልጆች ተአምር ሲሠሩ ማየት ለፈለገ ሰው ሀክ የምትለዋ ቃል በቂው ነበረች።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ ስትመጣ ደግሞ ቃሏ «ትናገራለች» ነበረች። አማርኛ ትናገራለች። የዚህችን የሆንግ ኮንግ ሮቦት ሶፍትዌር በመሥራት የእኛው አይኮግ ላብስ ወጣቶች ተሳትፈዋል፣ ይህ በራሱ ቁም ነገር ነው። የተሰናዳ ዓረፍተ ነገር ማሰማትና መናገር አንድ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልገጠመኝም። ከጉብኝቱ ሁሉ ጥርት ያለው ዜና የአካሏን ክፍሎች የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ መጥፋቱ ነበር። ሻንጣ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ወደ ባቡሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ስንፍናችን በምስጋና ብቻ አላበቃም። ዓመታት አልፈው አብዛኞቹ ባቡሮች መቆም ሲጀምሩ ያ 60,000 ሲል የነበረ አፍ «ድሮስ የቻይና ዕቃ!» ማለት ጀመረ። ይህችም ቃል እንደ አቅም ናት፤ ብዙ የምታስረዳ ትመስላለች፣ ምንም አታስረዳም። ባቡሮቹን የሠራው የቻንግቹን ፋብሪካ በቻይና ከተሞች ሰው የሚያመላልሱ ባቡሮችም ይሠራል። እዚያ የሚሽከረከር ጎማ እዚህ ለምን ቆመ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ጥያቄው ትኬት መቁረጫው መስኮት ጋ ያደርሳል። ሲጀመር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በጊዜው ዶላሩ 21 ብር ገደማ ነበርና ወጪው ወደ 10 ቢሊዮን ብር ይጠጋል። በቀን 100,000 ሰው ቢሳፈርና እያንዳንዱ 4 ብር ቢከፍል፣ ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለመብራትና ለቅባት አንዲት ሳንቲም ሳይወጣ፣ ዋናውን ብቻ ለመመለስ 68 ዓመት ይፈጃል። ወለዱን አልቆጠርኩም። መለዋወጫ የሚገዛው ደግሞ በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ጎማ ያልቃል፣ ብሬክ ያልቃል፣ በብር የተሰበሰበው ትኬት ደግሞ ውጭ አገር አይገዛም። ባቡሩን ለማቆም ሌላ ምሥጢር አያስፈልግም።

ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ባቡሩ ኪሳራ ነው» የሚለውም ቸኩሏል። ከጎኑ ያለው የኃይሌ ገብረ ሥላሴ መንገድ ትኬት ቆርጦ አያውቅም፤ በተደጋጋሚ ሲቆፈርና ሲነጠፍ፣ አሁን ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መብራትና አበባ ሲተከልለት፣ ስንት አተረፈ ያለው ሰው የለም። መንገዱን የምንለካው ባሳለፈው ሰው ነው፣ ባቡሩን ግን በሣጥኑ ውስጥ በተገኘው ብር። በሣጥኑ መለካቱን ከመረጥን ሁለቱንም እንለካ። እኔ በግሌ ባቡሩ መሠራቱ ስሕተት ነበር ብዬ አላምንም፤ መለዋወጫውን ማን እንደሚከፍል ሳይታሰብበት መሠራቱ ግን ዋጋ አስከፍሎናል፣ ያ 60,000 የሚለው ቁጥርም ጥያቄው እንዳይነሣ ጥሩ መጋረጃ ሆኗል።

በዚህ ጉዳይ የሃያ ሁለት ሰው ሞኝ ነው ማለቴ አይደለም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባቡሩን ጠብቀው የሰለቹ ሰዎች ወደ ሚኒባሱ ሰልፍ ሲዞሩ ቆሜ አያለሁ። ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ! ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። አንዲት ዘንቢል የያዙ እናት ጠጋ ብለው አንገታቸውን በበሩ አስገቡ፤ ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ወንበር በዓይናቸው ለቀም ለቀም አደረጉ።

«አምስት ነው የቀረህ፣ ልጄ» አሉትና ወደ ሰልፉ ተመለሱ።