ሀፖኤል ሐዴራ፦ ልጆቻችን የሚጮሁለት ቡድን ታሪኩና ማንነቱ

በሐዴራና በአካባቢዋ የምንኖር ብዙ ወላጆች ልጆቻችን ቀይ ማሊያ ለብሰው «ሀፖኤል» እያሉ ሲጮሁ እንሰማለን። ቡድኑ ሲያሸንፍ ቤቱ በደስታ ይሞላል፤ ሲሸነፍ ልጁ ኩርፍ ብሎ ይተኛል። ብዙዎቻችን ግን የቡድኑ ስም ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን አንድ ጊዜ ከትልልቆቹ ሌላ ጊዜ ከትንንሾቹ ጋር እንደሚጫወት አናውቅም። በማኅበራዊ ሥራችን ቤተሰቦችን ስናነጋግር ደጋግመን የምናየው ችግር ወላጅና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የጋራ ወሬ ማጣታቸው ነው። ስለዚህ ኳሱን ለማይወዱም ጭምር ይጠቅማል ብለን የዚህን ቡድን ነገር ከሥሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስሙ ምን ይነግረናል?

«ሀፖኤል» በዕብራይስጥ «ሠራተኛው» ማለት ነው። የሀፖኤል ስፖርት ማኅበር በ1926 ሲመሠረት እናቱ በ1920 የተቋቋመው የሠራተኞች ማኅበር ሂስታድሩት ነበር። ሂስታድሩት ያኔ ለሠራተኛው ሥራ ይፈልግለታል፣ ሲታመም ያሳክመዋል፣ ልጁንም ኳስ ያጫውትለታል። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንታከምበት ኩፓት ሆሊም ክላሊት ራሱ፣ የጤና መድን ሕጉ በ1995 ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ከሂስታድሩት ጋር የተያያዘ ነበር።

ሌሎቹም ስሞች እንዲሁ ታሪክ አላቸው። «ማካቢ» ስሙን የወሰደው በሐኑካ ከሚታወሱት ማካቢዎች ነው። «ቤይታር» ደግሞ የዣቦቲንስኪ እንቅስቃሴ ስም ነው። በድሮ ጊዜ ሰው የየትኛው ቡድን ደጋፊ እንደሆነ ከታወቀ ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ መገመት ይቻል ነበር። ዛሬ ይህ ነገር በአብዛኛው ቀርቷል፤ የቀረው ስሙ፣ ቀለሙና ፍቅሩ ነው።

ከጎንደር የመጣን ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸግረንም። ፋሲል ከነማ ሲባል የከተማው ሰው ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች በላይ ከተማውን የቆረቆረውን ንጉሥና ግንቡን ያስባል። ሐዴራም ለሐዴራ ልጅ እንደዚያው ነው።

ከተማዋና ቡድኗ

ሐዴራ የተቆረቆረችው በ1891 ከሩሲያ ግዛት በመጡ ኦሊም ነው። ቦታው ረግረግ ስለነበር ወባ ብዙዎቹን ፈጀ፤ በአንድ ቤት ወላጅም ልጅም ያለቀበት ጊዜ ነበር። ረግረጉን ለማድረቅ ካገዙት ነገሮች አንዱ እኛ በአገራችን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የምናውቀው ባሕር ዛፍ ነው፤ ዛሬም በከተማዋ ዙሪያ ይታያል። ለሐዴራ መሬቱን የገዛው ይሆሹዓ ሐንኪን ሲሆን፣ በባሕሩ ዳር ያለችው ጊቫት ኦልጋ የተሰየመችው አዋላጅ በነበረችው በሚስቱ በኦልጋ ሐንኪን ስም ነው።

ሀፖኤል ሐዴራ መንግሥት ከመቋቋሙ በፊት ጀምሮ የነበረ ቡድን ነው። በአንድ ወቅት የክለቡ ሙሉ ስም ጊቫት ኦልጋን ጨምሮ ይጻፍ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኦልጋ ተራ በተራ የመጡ ኦሊም የሰፈሩባት ሰፈር ናት። የሰፈር ስም በከተማው ቡድን ስም ላይ ሲጻፍ «እናንተም የዚህ ከተማ ሰዎች ናችሁ» ማለት ነው።

መውጣትና መውረድ

የእስራኤል እግር ኳስ እንደ መሰላል ነው። ከላይ በ1999 የተቋቋመው ሊጋት ሀዓል አለ። ከሥሩ ሊጋ ለኡሚት፣ ከዚያ አሌፍ፣ ቤትና ጊሜል ይከተላሉ። «ለኡሚት» ማለት «ብሔራዊ» ስለሆነና እስከ 1999 ድረስም የከፍተኛው ሊግ ስም ስለነበር ብዙ ሰው ይምታታበታል፤ ዛሬ ግን ሁለተኛው ደረጃ ነው።

በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ የትንሽ ከተማ ቡድን የቱንም ያህል ቢያሸንፍ ትልቁ ሊግ አይገባም፤ ጎበዙ ተጫዋች ብቻ ተመርጦ ወደ ላይ ይሄዳል። እዚህ ግን ቡድኑ ራሱ ከነከተማው ይወጣል፤ ከተሸነፈም ከነከተማው ይወርዳል።

ሀፖኤል ሐዴራ በ1970ዎቹ በከፍተኛው ሊግ ተጫውቷል። ከዚያ ወርዶ አርባ ዓመት ገደማ በታችኞቹ ሊጎች ቆየ። አባት ለልጁ «እኛም አንድ ጊዜ ከላይ ነበርን» እያለ ሲያወራ ኖሮ በ2018 ቡድኑ ወደ ሊጋት ሀዓል ተመለሰ። ሰባት ዓመት ከትልልቆቹ ጋር ከታገለ በኋላ በ2025 ተመልሶ ወደ ሊጋ ለኡሚት ወረደ። ቡድን ሲወርድ የቴሌቪዥን ገንዘብ ይቀንሳል፣ ጥሩ ተጫዋች ይሄዳል፣ ተመልካች ይሳሳል። ታዲያ ያን ጊዜ የቀረው ሰው ነው የቡድኑ እውነተኛ ባለቤት።

ሌላም ችግር ነበረበት። በሐዴራ ያለው ሜዳ ለከፍተኛው ሊግ የሚበቃ ስላልነበረ ቡድኑ «የቤቱን» ጨዋታ በነታንያ ስታዲየም ያደርግ ነበር። የራሱን እንግዳ በጎረቤት ቤት እንደሚቀበል ሰው ማለት ነው። ልጁ ቡድኑን ለማየት አውቶቡስ ይዞ ሌላ ከተማ መሄድ ነበረበት።

ሰንበትስ?

ለቤተ እስራኤል ቤተሰብ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን በሰንበት እሳት ሳያነድዱ፣ ውኃ ሳይቀዱ የኖሩ ናቸው። በእስራኤል ግን ብዙ ጨዋታ የሚደረገው ዓርብና ቅዳሜ ነው። የታዳጊዎችም ጨዋታ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይውላል።

ይህ የእኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። በ2015 በሁለተኛው ሊግ የሚጫወቱ ሰንበት አክባሪ ተጫዋቾች ጉዳዩን ወደ ሥራ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ዳኛዋም ያለ ልዩ ፈቃድ በሰንበት ማሠራት ከ1951ዱ የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ተናገሩ። አገሩ ሁሉ ተከራከረበት፤ ጨዋታዎቹ ግን አልቆሙም። ስለዚህ ውሳኔው ተመልሶ ወደ እያንዳንዱ ቤት ይመጣል።

እኛ ለማንም አድርጉ ወይም አታድርጉ አንልም። የምንለው ነገሩ ከምዝገባው በፊት ይነገር ነው። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከተለማመደ በኋላ በጨዋታው ቀን «አትሄድም» ማለት ልጁንም ወላጁንም ይጎዳል። አሠልጣኙን አስቀድሞ «የቡድኑ ጨዋታ በምን ቀን ነው? በሰንበት የማይጫወት ልጅ ቦታ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

በ1988 የወጣው የስፖርት ሕግ ተጫዋች የሕክምና ምርመራና መድን እንዲኖረው ያዛል፤ መኖሩን ጠይቁ። የሚሰጣችሁን ወረቀት በዕብራይስጥ ስለሆነ ብቻ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፤ ልጁ ክለብ መቀየር ቢፈልግ ያ ፊርማ ሊይዘው ይችላል። የሚያነብላችሁ ሰው ከሌለ በማትናስ ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ተርጓሚ ጠይቁ። ክፍያው ከከበዳችሁም ልጁን ከማስቀረታችሁ በፊት ቅናሽ ወይም ድጋፍ ካለ ክለቡንና ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ።

ልጆቻችን ባሩክ ደጎን ያውቃሉ፤ በኢትዮጵያ ተወልዶ ለማካቢ ቴል አቪቭና ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል። በ1992 በነታንያ የተወለደው ኤሊ ዳሳም የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ለመሆን በቅቷል። እንዲህ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ትምህርት በኳስ አይለወጥም። ኳስ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ከሌሎች የከተማው ልጆች ጋር አንድ ማሊያ ለብሶ «የእኛ» ማለትን ይለምዳል።

ሀፖኤል ሐዴራ ወጥቶ ወርዷል፣ በሰው ሜዳ ተጫውቷል፤ ስሙን የሚጠራ ሰው ግን አላጣም። እንግዲህ ልጃችሁ ከጨዋታ ሲመለስ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀጥሎ ደግሞ ይህ ቡድን ለምን «ሠራተኛው» እንደተባለ ንገሩት፤ ምናልባት እሱም አያውቅም ይሆናል።