የሰባኪው የዓመት ዕቅድ

ጆናታን ኤድዋርድስ ለአንድ አነስተኛ የፕሬስቢቴሪያን ጉባኤ ሊሰብክ ኒው ዮርክ ሲገባ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1722 ነው፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከዬል ኮሌጅ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትዳር አልያዘም፤ ቋሚ የአገልግሎት ቦታም አላገኘም። ጊዜ ግን ነበረው፤ ያንን ጊዜ እንዴት እንደሚያሳልፈው ማሰቡ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳው ነበር። ስለዚህ ወረቀት አውጥቶ ለራሱ ሕግ መደንገግ ጀመረ። በ1723 ኦገስት ላይ ሲያቆም የውሳኔዎቹ ቁጥር 70 ደርሶ ነበር።

ከ70ዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ሰማይ ጠቀስ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የጓዳ ጉዳይ። አንዲት ቅጽበት እንኳ ላለማባከን ቃል ገባ። በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር ሰውን የሚያዋርድ ነገር ላለመናገር ወሰነ። በ28ኛው ቁጥር መጽሐፍ ቅዱስን ደጋግሞ ሊያጠና፣ እውቀቱ ማደጉንም በራሱ ዓይን እስኪያይ ድረስ ሊተጋ ጻፈ። በ52ኛው ላይ አዛውንቶች ዕድሜያቸው ቢመለስ እንዴት እንደሚኖሩ ሲያወሩ መስማቱን ይገልጽና፣ እሱም ሲያረጅ «እንዲህ በኖርኩ» ብሎ የሚመኘውን ኑሮ ከአሁኑ ለመኖር ይወስናል። ሃያ ዓመት ላልሞላው ሰው ይህ ትንሽ የሚያስፈራ ሐሳብ ነው።

ለርዕሳችን ዋናው ግን 37ኛው ነው። በየማታው ምን እንዳጎደለ፣ ምን እንዳጠፋ፣ በምን ራሱን እንደገዛ ሊጠይቅ ወሰነ፤ በሳምንቱ፣ በወሩና በዓመቱ መጨረሻም እንዲሁ። የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚያስጨንቀው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ኤድዋርድስን ቢያይ አለቃውን ያመሰግን ነበር።

«የዓመቱ መጨረሻ» የቱ ነው የሚል አንባቢ ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ ሕጋዊው ዓመት የሚገባው ማርች 25 ላይ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ ጃንዋሪ 1ንም ያውቃል። በዚህ የተነሳ በጃንዋሪ 1 እና በማርች 25 መካከል የተጻፉ ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች 1722/23 እየተባሉ ሁለት ዓመት ተሸክመው ይታያሉ። በመስከረም 1 እና በጃንዋሪ 1 መካከል ሲመላለስ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ኤድዋርድስ ከውሳኔዎቹ ጎን ለጎን በ1722 ዲሴምበር ላይ የዕለት ማስታወሻ መያዝ ጀመረ፤ የሰውየው እውነተኛ መልክ የሚገኘውም እዚያ ውስጥ ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን መንፈሱ መደንዘዙን ይጽፋል፤ የፈለገውን ያህል ቢወስንና ዘዴ ቢፈጥር የእግዚአብሔር መንፈስ ካላነሳሳው ሁሉም ከንቱ መሆኑን ከልምዱ እንዳየ ያክላል። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ የሳምንቱ ሒሳቡ መውረዱን መዝግቦ ምክንያቱን ይፈልጋል። ያገኘው መልስ የማንኛችንንም ደጅ የሚያንኳኳ ነው፤ መሰላቸትና ስንፍና። ከዚያ ምን አደረገ? ወረቀቱን አልቀደደም። በዚያው ሰሞን ማታ ከመተኛቱ በፊት ስለበላውና ስለጠጣው ራሱን እንዲጠይቅ የሚያዝ አዲስ ቁጥር ጻፈ፤ ከዚያ በኋላም ሠላሳ ያህል ጨመረ። ዕቅድ ብቻውን እንደማያዋጣ ጽፎ ማቀዱን ቀጠለ። ብዙዎች ይህን እርስ በርሱ የሚጋጭ ያደርጉታል፤ ነገር ግን የውሳኔዎቹ መግቢያ ራሱ ያለ እግዚአብሔር እርዳታ ምንም ማድረግ እንደማይችል በመናዘዝ የሚጀምር ነው። እዚያው ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲያነባቸው ራሱን ያዛል። የረሳውን ሰው የሚያስታውስ ወረቀት እንጂ የሚያድን ወረቀት አልነበረም።

ንባቡ ከዕቅዱ አይተናነስም። በ1727 ማሳቹሴትስ ውስጥ በኖርዝአምፕተን ከአያቱ ከሰሎሞን ስቶዳርድ ጋር ሊያገለግል ተሾመ፤ ደቀ መዝሙሩና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ሳሙኤል ሆፕኪንስ እንደሚለው በቀን 13 ሰዓት በጥናት ክፍሉ ያሳልፍ ነበር። ያነበባቸውንና ሊያገኛቸው የሚመኛቸውን መጻሕፍት የሚመዘግብበት ደብተር ነበረው፤ ዝርዝሩ ከ700 በላይ ነው። መጽሐፍ ከለንደን በቦስተን በኩል በመርከብ በሚመጣበት ዘመን ከዝርዝሩ ብዙው ምኞት ሆኖ መቅረቱ አይገርምም። በየገጹ መካከል ባዶ ወረቀት የተጠረዘበት መጽሐፍ ቅዱስም ነበረው፤ ባዶውን ገጽ በደቃቅ ጽሕፈት ሞላው። ወረቀት ውድ ስለነበር ሚስቱ ሣራና ሴቶች ልጆቹ የእጅ ማራገቢያ ሲሠሩ የተረፈውን ቁራጭ ሳይቀር ሰፍቶ ደብተር አድርጎታል። በፈረስ ሲሄድ የመጣለትን ሐሳብ እንዳይረሳ ቁራጭ ወረቀት ልብሱ ላይ በመርፌ ይሰካ ነበር የሚል ወሬም አለ።

ራስን መመርመር ግን ድንበር አለው። ኤድዋርድስ በ1731 ኒውፖርት ወርዶ ቬነስ የተባለች የ14 ዓመት ገደማ ጥቁር ልጅ በ80 ፓውንድ ገዛ። ስለ ምግቡ በየማታው ራሱን የጠየቀ ሰው ይህን ሲያደርግ፣ ከ70ዎቹ ቁጥሮች አንዱም አላስቆመውም። ሰው ራሱን የሚጠይቀው ዘመኑ ያስተማረውን ጥያቄ ነው፤ ዘመኑ ያላስተማረውን ለመጠየቅ ከሌላ ሰው ጋር ማንበብ፣ ከሌላ ሰው ጋር መከራከር ሳያስፈልግ አይቀርም። የገዛ ጉባኤውም በ1750 ማን ቅዱስ ቁርባን መቀበል ይገባዋል በሚል ክርክር ከአገልግሎት አሰናብቶታል። በ1758፣ በፈንጣጣ ክትባት ሰበብ፣ በ54 ዓመቱ ሞተ።

ውሳኔዎቹ ከተጻፉ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ የስኮትላንዱ ሰባኪ ሮበርት መሪ ማክሼን የኤድዋርድስን ሕይወት አንብቦ በራሱ እምነት አፈረ። ማክሼን በ1813 ኤድንብራ ተወለደ፤ በ1831 ታላቅ ወንድሙ ዴቪድ ሲሞት ሕይወቱ ወደ እምነት አዘነበለ፤ በ1836 በሸማኔዎች ከተማ በዳንዲ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነ። በ1842 የመጨረሻ ሳምንት ለምዕመናኑ የአዲስ ዓመት ስጦታ አድርጎ የንባብ ሰሌዳ አሳተመ። ለእያንዳንዱ ቀን አራት ምንባብ አለው፤ ሁለቱ ከቤተሰብ ጋር፣ ሁለቱ ለብቻ የሚነበቡ። ጃንዋሪ 1 ከዘፍጥረት፣ ከማቴዎስ፣ ከዕዝራና ከሐዋርያት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጀምራል። ዓመቱ ሲያልቅ ብሉይ ኪዳን አንድ ጊዜ፣ አዲስ ኪዳንና መዝሙረ ዳዊት ሁለት ሁለት ጊዜ ይነበባሉ።

የሚገርመው ሰሌዳው አይደለም፤ መግቢያው ነው። ማክሼን ጥቅሙን ከመናገሩ በፊት አደጋውን ዘረዘረ። ንባቡ ልማድ ብቻ ሊሆን ይችላል አለ። የቀኑን ድርሻ የጨረሰ ሰው በራሱ ጽድቅ ሊመካ ይችላል፤ ለመጨረስ የቸኮለ ደግሞ ሳያስተውል ያልፋል፤ ለአንዳንዱም የማይቻል ቀንበር ይሆንበታል። የዛሬ ዕቅድ ሻጮች እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሽፋኑ ላይ ቢለጥፉ ገበያቸው ይቀዘቅዛል። ጥቅሙን ሲናገር ደግሞ የግል ስኬት አላነሳም። ወላጅ ልጆቹንና ሠራተኞቹን የሚጠይቅበት ነገር ያገኛል፤ እረኛውም መንጋው የት እንደተሰማራ ያውቃል፤ በተለያየ ቦታ ያሉ ወዳጆች በአንድ ቀን አንድ ምዕራፍ ስለሚያነቡ አንድነታቸው ይጸናል።

ማክሼን ራሱ ሰሌዳውን አልጨረሰም። በ1843 ማርች 25፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በታይፈስ በሽታ በ29 ዓመቱ ዐረፈ። ወዳጁ አንድሩ ቦናር በ1844 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ስሙ ከስኮትላንድ ወጣ፤ ሰሌዳውም አብሮት ተጓዘ። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ስቶት ከሌላው ሰባኪ ከማርቲን ሎይድ ጆንስ ተቀብሎ ለብዙ ዓመታት ተጠቅሞበታል። ዛሬ በስልክ መተግበሪያ ይገኛል፤ ቀን ከዘለሉ ስልኩ ያስታውሳል።

ለአገራችን አንባቢ በየቀኑ ተከፍሎ የሚነበብ መጽሐፍ አዲስ ነገር አይደለም። መዝሙረ ዳዊት ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ሲጸለይ የኖረው ማክሼን ከመወለዱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። የማክሼን ሰሌዳ የተሠራው ደግሞ ለ66ቱ መጻሕፍት ነው፤ በ81ዱ ለሚያነብ የኦርቶዶክስ ምዕመን ሄኖክና ኩፋሌ ቦታ የላቸውምና የራሱን ድርሻ መጨመር ይኖርበታል።

በመስከረም 1 መጀመር ለሚፈልግ ስሌቱ ቀላል ነው። 66ቱ መጻሕፍት 1189 ምዕራፍ አላቸው፤ አዲስ ኪዳንና መዝሙረ ዳዊት ሲደገሙ 1599 ይሆናሉ። ይህን ለአሥራ ሁለቱ ወራት 360 ቀን ቢያካፍሉት በቀን አራት ተኩል ምዕራፍ ገደማ ይደርሳል። ጳጉሜን ለውዝፍ ትተርፋለች።