የቱርክን ሕዝብ ዘፈን ማን መረጠ?

ዘፈን ለመዝናኛ ብቻ አይደለም፤ «እኛ ማን ነን?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሰጣል። የቱርክ ታሪክ ይህን ያሳያል።

የቱርክ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1923 ሲመሠረት መሪዎቹ አገሪቱ ፊቷን ወደ አውሮፓ እንድታዞር ፈለጉ። የሱልጣኖቹን ዘመን ዜማ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጠሩት። በ1934 ይህ ዜማ በሬዲዮ እንዳይሰማ ተከለከለ፤ ክልከላውም ሃያ ወር ያህል ቆየ። ብዙ ሰው ግን የአውሮፓን ሙዚቃ በመስማት ፈንታ የካይሮን ሬዲዮ ከፈተ፤ የግብፅ ዘፈን ለጆሮው ይቀርበው ነበርና።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ብዙ የገጠር ሰዎች ሥራ ፍለጋ ወደ ኢስታንቡል ፈለሱ። ከከተማው ዳር፣ በአንድ ሌሊት ተሠሩ በሚባሉ ቤቶች ኖሩ፤ ከተሜውም ናቃቸው። ናፍቆታቸውንና ብሶታቸውን የገለጸላቸው ኦርሃን ጌንጄባይና ሌሎች በ1960ዎቹ መጨረሻ ያስፋፉት «አረቤስክ» የሚባለው ዘፈን ነው። የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከለከለው። ዘፈኑ ግን በካሴት ተባዝቶ በየሚኒባሱ ይሰማ ነበር። በ1990ዎቹ የግል ቴሌቪዥኖች ሲከፈቱ በየቤቱ ገባ።

እዚህ እስራኤልም የምዝራሒ ዘፈን መጀመሪያ በቴል አቪቭ አሮጌ አውቶቡስ ጣቢያ በካሴት ይሸጥ ነበር፤ በሬዲዮ በሰፊው የተሰማው በኋላ ነው።

ትእዛዝ ሬዲዮን ይዘጋል እንጂ ጆሮን አይዘጋም። ዘፈን የሚጠፋው ባለቤቱ ሲተወው ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን፣ ከጎንደርና ከትግራይ ይዛችሁ የመጣችሁትን ዘፈን አስተምሩን። እናንተ ካልነገራችሁን ከሬዲዮ አናገኘውም።